«ለሁለት ብር ነው እንዴ?»

ወዳጆች፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ቡና ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል። ጉዳዩ ሳንቲም ነው። አዎ፣ ሳንቲም!

ከደራ አዳማ የሚመላለስ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት አነጋገር አለች። ተሳፋሪው «መልሴን» ይላል። ረዳቱ እንዳልሰማ ይሆናል። «ወንድሜ፣ መልስ አለኝ» ብሎ ይደግማል። ያኔ ረዳቱ ዞር ይልና «ለሁለት ብር ነው እንዴ?» ይለዋል። አለቀ። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አዙሮ የሚያየው ሁለት ብር ያስቀረውን ሳይሆን ሁለት ብር የጠየቀውን ነው። የሚያፍረውም እሱ ነው።

ነገሩ መኪና ውስጥ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ ነበር። ባጃጅ ላይም ያው ነው። ሱቅ ገብተህ የ47 ብር ዕቃ ገዝተህ 50 ስትሰጥ፣ ባለሱቁ «ዝርዝር የለም» ይልና ሁለት ከረሜላ ወይ አንድ ማስቲካ ይወረውርልሃል። ከረሜላ ማን ጠየቀ? ስኳር ያለባት እናት ሳትቀር ከረሜላ ይዛ ትወጣለች። በማግስቱ ያንኑ ከረሜላ ይዘህ ሄደህ «ሦስት ብር ጎሎኛል፣ በዚህ ሙላልኝ» በለው እስቲ። ይቀበልሃል? አይቀበልህም። እሱ ሲሰጥህ ገንዘብ የነበረው ከረሜላ፣ አንተ ስትሰጠው ከረሜላ ብቻ ይሆናል።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ሳንቲም የሚለውን ቃል ቀስ በቀስ «ምንም» ማለት አድርገነዋል። ከዚያ «ሁለት ብር» የሚለውን ወደዚያው እየገፋነው ነው። ነገ ደግሞ አምስት ብር ይከተላል። አንድ ገንዘብ ስሙ «ምንም» ከሆነ በኋላ ደግሞ መጠየቅ ነውር ይሆናል። ቃሉ የረከሰው በዋጋ ንረት ነው፣ እሱን ማንም አይክድም። ነውሩን ግን የፈጠርነው እኛ ነን።

እስቲ ከቃሉ ልጀምር።

ሳንቲም የምንለው ቃል የፈረንሳይ ነው፣ መቶኛ ማለት ነው። እኛ ጋ ግን ሥራው በዝቷል። ጓደኛህ «ሳንቲም አለህ?» ሲልህ አምስት ሳንቲም ፈልጎ አይደለም፤ ጠቀም ያለ ብር ፈልጎ ነው። «ሳንቲም አጠረኝ» ብሎ ቤቱን ያልጨረሰ ሰው ያጠረው መቶ ሺህ ሊሆን ይችላል። ልብስ ሰፊው «ሱሪውን ሁለት ሳንቲም ልቀንሰው?» ሲል ስለ ገንዘብም አይደለም የሚያወራው፣ ስለ ርዝመት ነው። «አምስት ሳንቲም የለኝም» ካለ ባዶ ኪሱን ነው። «ሳንቲም ለቃሚ» ከተባለ ስሙ ጠፍቷል። «የአንድ ሳንቲም ሁለት ገጽታ» የምትለዋ ደግሞ ከውጭ ተተርጉማ የመጣች የጋዜጠኛና የፖለቲከኛ ናት፤ መንደር ውስጥ ሲሏት ሰምቼ አላውቅም።

መንደር ውስጥ የሚባለው «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ነው። ቤሳ በምኒልክ ዘመን ከመዳብ የተሠራች ትንሿ ገንዘብ ነበረች፤ ስሟ ከሕንዶቹ «ፓይሳ» የመጣ ነው። ቤሳዋ ከገበያ ከጠፋች ስንት ዘመኗ! አነጋገሯ ግን እስከዛሬ ትሠራለች። ቤሳን ዓይቶ የማያውቅ የሃያ ዓመት ልጅ ዛሬም ኪሱን ገልብጦ «ቤሳ ቤስቲን» ይልሃል። ቤስቲን ለብቻዋ ስትነገር ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቤሳን አጅባ ብቻ ነው የምትመጣው።

ሌሎቹም እንደዚሁ እያንዳንዳቸው የመጡበት መንገድ አላቸው። ብር ራሱ ብረቱ ነው፣ ነጩ ብር። ድሮ የሚታወቀው ጠገራው፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም 1780 የሚለው ዓመት ሳይለወጥ ሲመታ ኖሯል። ለዝርዝር ደግሞ አሞሌ ጨው ነበር። ምኒልክ በፓሪስ የራሳቸውን ብር ሲያስመቱ (እ.ኤ.አ. 1894) ከሥሩ አላድ መጣ፣ ግማሽ ብር ማለት ነው፤ ሩብና ተሙንም መጡ። ግርሽ ከኦቶማን ቱርኮቹ «ቂርሽ» ነው። መሐለቅ ደግሞ ከሐረር ጋር የተያያዘ ነው፤ ሐረር በአሚሮቿ ጊዜ የራሷን ገንዘብ ትመታ ነበርና።

እዚህ ላይ ወደ እኛ አካባቢ ልመለስ። ደራ ገበያ ብትወጡ፣ አዳማም ብትሄዱ፣ እናቶቻችን በኦሮምኛ ሲገበያዩ «ቀርሺ» ይላሉ፣ ብር ማለታቸው ነው። «ማለቃ» ይላሉ፣ ገንዘብ ማለታቸው ነው። «ቤሴ»ም ይላሉ። እስቲ ልብ በሉ፦ ቀርሺ ያው ግርሽ ነው፣ ማለቃ የመሐለቅ ዘመድ ነው፣ ቤሴ ያቺው ቤሳ ናት። አማርኛው «የለኝም» ለማለት ብቻ ያስቀራትን ቤሳ ኦሮምኛው ለገንዘብ ሁሉ መጠሪያ አድርጓታል። አንዱ ቤት የባዶነት ስም፣ ሌላው ቤት የሀብት ስም። በአንድ ገበያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጎመንና ሽንኩርት የሚሸጡ ሁለት ሴቶች ሳያውቁት አንድ ታሪክ ነው የሚያወሩት። ሰው በቋንቋ ሲለያይ ሳንቲሙ አልተለያየም።

ስሙኒን ደግሞ እንያት። 25 ሳንቲም። ቃሉ ከዓረብኛ ነው፣ ስምንተኛ እጅ ማለት ነው። ታዲያ 25 ሳንቲም የብር ሩብ እንጂ ስምንተኛ አይደለም፣ እንዴት ስሙኒ ተባለ? መልሱ ከሽልንግ ጋር ያለ ይመስለኛል። ጣልያን ከወጣ በኋላ እንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ ይዘው ገቡ። በ1937 ዓ.ም. የራሳችን ገንዘብ ሲመለስ አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። ስለዚህ 50 ሳንቲም እኩል አንድ ሽልንግ ሆነ፤ ሽማግሌዎቻችን እስከዛሬ 50 ሳንቲምን «ሽልንግ» የሚሉት ለዚህ ነው። በስዋሂሊ ደግሞ የሽልንግ ግማሽ «ሱሙኒ» ይባላል። የሽልንግ ግማሽ በእኛ ስንት ነው? 25 ሳንቲም። ሒሳቡ ቁጭ አለ።

የሚገርመው ደግሞ ይሄ ነው። በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ በወጣው ገንዘብ ላይ የብር መቶኛዋ በራሳችን ቋንቋ «መቶኛ» ተብላ ነበር። ማን ያስታውሳታል? ትርጉሙ ያው የሆነው የፈረንሳዩ ሳንቲም አሸንፎ ቀረ። ቃል በአዋጅ አይኖርም፤ ሕዝብ አፍ ላይ ካልገባ ይሞታል። ሕዝብ አፍ ላይ የገባ ደግሞ በአዋጅ አይሞትም።

ለዚህ ምስክር ከፈለጋችሁ ዘውድና ጎፈር አለላችሁ። ልጆች ሆነን ኳስ ማን ይጀምር ለማለት ሳንቲም ወደ ላይ ወርውረን «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» እንል ነበር። ዘውዱ የንጉሡ ገጽ፣ ጎፈሩ የአንበሳው። ደርግ መጣና በ1969 ዓ.ም. ሳንቲሙን ሁሉ ለወጠው። የንጉሡ መልክ ወጣ፣ የአንበሳው ራስ ግን ከነጎፈሩ ቀረ። በንጉሡ ቦታ አንድ ሳንቲም ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ አምስት ሳንቲም ላይ ጠመንጃ የያዘ ወታደር፣ ስሙኒ ላይ እጃቸውን ያነሱ ወንድና ሴት ገቡ። አስር ሳንቲም ላይ ማን ገባ? የደጋ አጋዘን! የአርሲና የባሌ ተራሮች ልጅ፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የማይገኝ። እኛ አርሲዎች ኪሳችን ውስጥ ስናንሿሿው የኖርነው የራሳችንን እንስሳ ነው። ዘውዱ ከሳንቲሙ ላይ ከጠፋ ግን ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ልጁ ዛሬም «ዘውድ!» ብሎ ይወራረዳል።

ይሄን ሁሉ የምዘረዝረው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ትንሽ ገንዘብ በዚህ አገር ትንሽ ነገር ሆኖ አያውቅም ለማለት ነው። የካቲት 1966 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት የነዳጅ ዋጋ ተጨምሮ ነው። ያኔ አንድ ሊትር ቤንዚን አንድ ብር አይሞላም ነበር፤ ጭማሪውም በሳንቲም የሚቆጠር ነበር። ዙፋኑን የጣለው ሳንቲም ብቻ ነው አልልም፤ ረሃቡ አለ፣ ወታደሩ አለ፣ ተማሪውና መምህሩ አለ። ግን «ለሳንቲም ነው እንዴ?» ብሎ ያቃለለው ሰው ካለ በመስከረም መልሱን አግኝቷል።

አሁን ወደ ዛሬ እንምጣ። ሳንቲም ሞቷል የሚል ሰው የነዳጅ ዋጋ ማስታወቂያ ያንብብ። «ይህን ያህል ብር ከይህን ያህል ሳንቲም» ብሎ ነው የሚነግርህ። የባንክ ደብተርህን እይ፤ ወለዱ እስከ ሳንቲሙ ተጽፏል፣ የአገልግሎት ክፍያውም እስከ ሳንቲሙ ተቆርጧል። የዶላር ምንዛሬ ሰሌዳ ላይ ከነጥብ በኋላ አራት አሃዝ ይደረደራል። የመብራት ቢልህን እይ። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የተጻፈበትን ደረሰኝ እይ። መንግሥት ሳንቲም ይቆጥራል። ባንክ ይቆጥራል። ነዳጅ ማደያ ይቆጥራል። «አትቁጠር፣ ነውር ነው» የሚባለው ማን ነው? ከደራ መናኸሪያ በጠዋት ተነስቶ አዳማ የቀን ሥራ የሚሄደው ልጅ ነው።

እስቲ የእሱን ሒሳብ እንሥራ። ለምሳሌ በእያንዳንዱ ጉዞ ሁለት ብር ቀረችበት እንበል። ሄዶ ሲመለስ በቀን አራት። በወር 26 ቀን ቢሠራ 104 ብር። በዓመት 1,248 ብር። ይሄ የልጆቹ ደብተር ነው። ወይ የአንድ በዓል ዶሮ ነው፣ ያውም ከተገኘ። አሁን ደግሞ ከወዲያ በኩል እንቁጠር። 12 ሰው የጫነ መኪና ከእያንዳንዱ ሁለት ብር ቢያስቀር በአንድ ጉዞ 24 ብር። በቀን ስምንት ጊዜ ቢመላለስ 192። በ26 ቀን 4,992 ብር። አያችሁ? ተሳፋሪው ዘንድ «ምንም» የነበረችው ሁለት ብር ወዲያ ማዶ ስትደርስ ወደ አምስት ሺህ ብር ጠጋች። «ለሁለት ብር ነው እንዴ?» ለሚል ሰው መልሱ ይሄ ነው። ሁለት ብር ምንም ካልሆነች ለምን አንተ ጋ ትቀራለች? መልሳት።

አሁን «ረዳቱን በደልከው» የሚል ይመጣል። አውቃለሁ። ረዳቱም የድሃ ልጅ ነው። ማታ ለባለንብረቱ የሚያስገባው ቁርጥ ብር አለ፣ ጎማና ዘይት አለ፣ ተራ አስከባሪ አለ። ዝርዝርም በእውነት የሚጠፋበት ቀን አለ። ጠዋት የመጀመሪያው ጉዞ ላይ 12ቱም ሰው መቶና ሁለት መቶ ብር ኖት ዘርግቶለት ምን ያድርግ? ስለዚህ ሁሉም ረዳት ሌባ ነው አላልኩም። «ወንድሜ ዝርዝር አጣሁ፣ ስትመለስ እሰጥሃለሁ» የሚል ጨዋ ልጅ ሞልቷል። እሱን ማንም አይቆጣም፤ እንዲያውም ብዙ ሰው «ተወው፣ ያንተ ይሁን» ይለዋል። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። «ተወው» የማለት መብቱ የባለገንዘቡ ነው። እኔ ስሰጥህ ስጦታ ነው፣ ሳትጠይቀኝ ስታስቀረው ሌላ ስም አለው። «ለሁለት ብር ነው እንዴ?» ስትለኝ ደግሞ ገንዘቤን ወስደህ ክብሬንም ጨመርክበት።

«ይሄ የኛ አገር ብቻ አይደለም፣ ፈረንጁም ሳንቲም እየተወ ነው» የሚል ደግሞ አለ። እውነት ነው። አሜሪካ አንድ ሳንቲሟን፣ እነሱ ፔኒ የሚሏትን፣ ባለፈው ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ለመጨረሻ ጊዜ መታች። አንዷን ፔኒ ለመሥራት ከሦስት ሳንቲም ተኩል በላይ ይወጣባት ነበር። ካናዳ ቀድማ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው ያቆመችው። ግን ካናዳ እንዴት እንዳቆመች እንመልከት። በጥሬ ገንዘብ ስትከፍል ሒሳቡ መጨረሻው አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሦስት ወይም አራት ከሆነ ወደ ላይ ይወጣል። በካርድ ከከፈልክ ደግሞ እስከ ሳንቲሟ ልክ ነው። ደንብ አለው ማለት ነው። አንዳንዴ ላንተ፣ አንዳንዴ ለባለሱቁ። እኛ ጋ ግን ወደ ታች ሲወርድ ያያችሁ አላችሁ? እኛ ጋ ማጠጋጋት ማለት ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው።

ቋንቋቸውንም ብናይ ፔኒን አልናቋትም። እንግሊዞች «ፔኒዋን ከተጠነቀቅክላት ፓውንዱ ለራሱ ያውቃል» የሚል አባባል አላቸው። አንድ ነገር ዘግይቶ ሲገባቸው «ፔኒዋ ወደቀች» ይላሉ፤ ሳንቲም ከሚበላ ማሽን የመጣ አነጋገር ነው ይባላል። እኛም ሳንቲም የሚበላ የመንገድ ስልክ ነበረን፤ እኛ ግን የተረፈን «ስልኩ ሳንቲሜን በላው» የሚል እሮሮ ነው። ዛሬ ስልኩ የለም፣ የሚበላው ግን አልጠፋም።

ሃይማኖታችንም ቢሆን ትንሿን ገንዘብ አልናቀም። ወንጌል ላይ ያቺ ድሃ መበለት ሁለት ናስ ጥላ ከባለጠጎቹ ሁሉ በላይ ሰጠች የተባለችው ከጉድለቷ ስለሰጠች ነው። ሰደቃም እንደዚሁ ነው፤ ትንሽ ናት ተብሎ አይቀርም። ድሮ እናቶቻችን በነጠላቸው ጫፍ ሳንቲም ቋጥረው የሚሄዱት ለሙዳየ ምጽዋቱ፣ ደጃፍ ለተቀመጠው ነዳይ፣ ለመንገዱ ለይተው ነበር። ሽራፊ ሳንቲም ከገበያ ሲጠፋ ይሄም አብሮ ይቸግራል። አስር ብር የሌለው ሰው ለነዳይ አንድ ብር መስጠት ቢፈልግ ከየት ይዘርዝር?

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ትልቅ ፖሊሲ አላመጣሁም። ጥቃቅን ነገር ነው የማመጣው፣ ጉዳዩ ራሱ ጥቃቅን ስለሆነ።

አንደኛ፣ ታሪፍ የሚያወጣው አካል ሊከፈል የሚችል ታሪፍ ያውጣ። በወረቀት ላይ 48 ብር ጽፎ መንገድ ላይ 50 እንደሚከፈል እያወቀ ዝም ማለት ሁለቱን ብር ራሱ እንደመፍቀድ ነው። ወይ ይጠጋጋ፣ ግን አንዳንዱ መስመር ወደ ላይ፣ አንዳንዱ ወደ ታች።

ሁለተኛ፣ በስልክ እንክፈል የምንችል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲመጣ ብዙዎቻችን ለትልቅ ገንዘብ ብቻ ነው ያሰብነው። በስልክ ስትከፍል «ዝርዝር የለም» የሚባል ሰበብ የለም፤ 47 ብር ከ25 ሳንቲም ብትልም ይሄዳል። ስሙኒ ከኪስ ጠፍታ በስልክ ተመልሳ መጣች ማለት ነው። ግን ስልክ የሌላት እናት አለች፣ ቻርጅ የጨረሰ አለ፣ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቀን አለ። ስለዚህ ይሄ ብቻውን አይበቃም።

ሦስተኛ፣ ቤት ውስጥ በጣሳና በጠርሙስ ያጠራቀማችሁትን የአንድ ብር ሳንቲም አውጡት። እውነቴን ነው። ዝርዝር ጠፋ እያልን የምናማርር ሰዎች ነን ዝርዝሩን መሳቢያ ውስጥ የደበቅነው። ባንክ ውሰዱት፣ ወይ ለሰፈራችሁ ባለሱቅ በብር ቀይሩለት። ይመርቃችኋል።

አራተኛውና ዋናው፣ መኪና ውስጥ አንድ ሰው መልሱን ሲጠይቅ አንሳቅበት። አንዞርበት። በተለይ ሽማግሌ ወይም እናት ስትሆን፣ አጠገቧ ያለው ወጣት «መልሳቸውን ስጣቸው እንጂ» ቢል ምን ይጎድልበታል? አንድ ሰው ብቻውን ሲጠይቅ ስስታም ይባላል፤ ሦስት ሰው አብሮ ሲጠይቅ ግን መብት ይሆናል። ልጆቻችንንም ሱቅ ስንልክ መልስ ቆጥረው እንዲያመጡ እናስተምራቸው፤ ለብሯ ብለን ሳይሆን የራስን መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ እንዲያውቁ።

ቋንቋችን ጥሩ አድርጎ ሰይሞታል እኮ። ከከፈልኩት የሚተርፈኝን «መልስ» ነው ያለው። ሰው ሲጠይቅህ የምትሰጠውም መልስ ነው፣ ገንዘብ ሲተርፈው የምትሰጠውም መልስ ነው። ሁለቱንም መንፈግ ያስነውራል።

እናንተ ሰፈርስ እንዴት ነው? ስሙኒና ሽልንግ ምን ምን እንደገዛችላችሁ የምታስታውሱ ታላላቆቻችን፣ እስቲ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ልጆቹ ያንብቡት። መልካም ቀን፣ ከደራ።